ዘጠኝ ቮልት አልሞላ ያለው ካፓሲተር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ባይተዋወቁም፣ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ታይም ኮንስታንት ወይም የጊዜ ቋሚ ስለሚባለው፣ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በግሪኩ ፊደል በታው ስለሚወከለው፣ ለምሳሌ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞላ ስለሚነግረን መጠን ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ በጥንቃቄ የተሠራ ሙከራ ስለያዘ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። በቤተ ሙከራ የሠራነውን የካፓሲተር ሙከራ ቤት ውስጥ ልድገመው ብዬ ከተበላሸ የውሃ ፓምፕ ላይ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነቅዬ፣ ከባለ 1 ሜጋኦም ሬዚስተርና ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ጋር በተከታታይ አገናኘሁት። ባትሪውን ለብቻው ስለካው ልክ 9.0 ቮልት ነው። የዲጂታል ቴስተሬን ሁለት ጫፎች ካፓሲተሩ ላይ አድርጌ፣ በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ መዘገብኩ። በቀመሩ (ሬዚስታንስ ሲባዛ በካፓሲታንስ) መሠረት ታው 10 ሰከንድ ስለሆነ በ10ኛው ሰከንድ 5.7 ቮልት፣ በ50ኛው ሰከንድ ደግሞ 8.9 ቮልት ገደማ ማንበብ ነበረብኝ። ያነበብኩት ግን 5.5 እና 8.1 ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ብጠብቅም ከ8.2 አላልፍ አለ። ካፓሲተሩ ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞስ ካፓሲተር በአንድ ታው 63 በመቶ ይሞላል ሲባል፣ ቁጥሩ ለምን 50 ወይም 60 አልሆነም? በመጨረሻም፣ ባትሪውን በ18 ቮልት ብለውጠው ቶሎ ይሞላልኝ ይሆን?

መልስ፦ ካፓሲተርዎ ጤነኛ ነው፤ ሙከራዎም ምንም ስህተት የለበትም። እንዲያውም ቴስተርዎ ያሳየዎት ቁጥር ከጠበቁት ቁጥር የበለጠ ያስተምራል። እዚያ ለመድረስ ግን ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብንነሣ ይሻላል።

የካፓሲተር አሞላል ብዙ ጊዜ ከቧንቧ በሚሞላ ጀሪካን ይመሰላል። ይህ ምሳሌ የሚያሳስት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቧንቧው ጀሪካኑ ባዶ በሆነበትም ሆነ ሊሞላ በተቃረበበት ሰዓት እኩል ይወርዳል። የተሻለው ምሳሌ በየግቢያችን ያለው ሮቶ ነው። ሁለት ሮቶዎች በአንድ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ አንደኛው ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን ተደርጎ፣ ከሥራቸው በቀጭን ጎማ ቢገናኙ፣ መጀመሪያ ላይ የውሃው ከፍታ ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ውሃው በኃይል ይሄዳል፤ ባዶው ሮቶ እየሞላ በመጣ ቁጥር ልዩነቱ ይጠብባል፣ ፍሰቱም በዚያው ልክ ይደክማል። መጨረሻ ላይ ውሃው መንቀሳቀሱንና አለመንቀሳቀሱን እንኳ መለየት ያስቸግራል። በእርስዎ ዑደት ውስጥ ባትሪው ሙሉው ሮቶ፣ ሬዚስተሩ ቀጭኑ ጎማ፣ ካፓሲተሩ ደግሞ የሚሞላው ሮቶ ነው።

አሁን በራስዎ ቁጥሮች እንሥራው፤ ለጊዜው ቴስተሩ እንደሌለ እንቁጠር። ባትሪውን ባገናኙበት ቅጽበት ካፓሲተሩ ባዶ ስለሆነ 9 ቮልቱ በሙሉ የሚያርፈው ሬዚስተሩ ላይ ነው፤ 9 ቮልት ለ1 ሜጋኦም ሲካፈል የመነሻው ከረንት 9 ማይክሮአምፔር ይሆናል። ይህም ማለት በየሰከንዱ 9 ማይክሮኩሎምብ ቻርጅ ወደ ካፓሲተሩ ይገባል ማለት ነው። ካፓሲተሩ 9 ቮልት እስኪደርስ የሚይዘው ቻርጅ በጠቅላላ 10 በ9፣ ማለትም 90 ማይክሮኩሎምብ ነው። ስለዚህ ከረንቱ በተነሣበት ፍጥነት ሳይደክም ቢቀጥል ኖሮ ካፓሲተሩ በ90 ሲካፈል ለ9፣ በ10 ሰከንድ ሞልቶ ያበቃ ነበር። ታው ማለት ይህ ነው፦ መድረሻውን ለመነሻው ፍጥነት ስናካፍለው የሚገኘው ጊዜ። ሬዚስታንስን በካፓሲታንስ አባዙ የሚለው ቀመር የዚህ አጭር አጻጻፍ ብቻ ነው፤ ኦም በፋራድ ሲባዛ ሰከንድ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኦም ቮልት ለአምፔር፣ ፋራድ ኩሎምብ ለቮልት ስለሆነ ቮልቱ ተጣፍቶ ኩሎምብ ለአምፔር ይቀራል፣ ኩሎምብ ለአምፔር ደግሞ ሰከንድ ነው። ተማሪዎች ቀመሩን በቃላቸው ሲያነበንቡት፣ ትርጉሙን ስጠይቃቸው ግን ዝም ሲሉ ብዙ ጊዜ ስለማይ፣ ይህችን ስሌት በእጅዎ ጽፈው እንዲሠሯት አደራ እላለሁ።

ከረንቱ ግን ይደክማል፤ 63 የሚመጣውም ከዚህ ድካም ነው። አሥሩን ሰከንድ በአንድ አንድ ሰከንድ ይቁረጡትና፣ በእያንዳንዱ ሰከንድ ውስጥ ካፓሲተሩ ከጎደለው ላይ አንድ አሥረኛውን ይሞላል ብለው ያስቡ። ከመጀመሪያው ሰከንድ በኋላ የቀረው ጉድለት 90 በመቶ ነው፤ ከሁለተኛው በኋላ የ90 በመቶው 90 በመቶ፣ ማለትም 81 ነው፤ እንዲህ እያለ ከአሥረኛው በኋላ 34.9 በመቶ ይቀራል። ነገር ግን ከረንቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥም ያለማቋረጥ ስለሚቀንስ አቆራረጣችን ሸካራ ነው። መቶ ቦታ ብንቆርጠው የሚቀረው 36.6 በመቶ፣ ሺህ ቦታ ብንቆርጠው 36.77 ይሆናል፤ የበለጠ በቀጠነ ቁጥር ወደ 36.79 እየተጠጋ እዚያው ይረጋል። ይህ ቁጥር አንድ ሲካፈል ለ2.71828 ነው። 36.8 ከጎደለ የሞላው 63.2 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 63ን ሰው ተስማምቶ የመረጠው አይደለም፤ ጉድለቱ በራሱ መጠን ልክ እየቀነሰ የሚሄድ ማንኛውም ነገር ከአንድ ታው በኋላ የሚደርስበት ቦታ ነው። የሞቀ ጀበና ከእሳት ወርዶ ሲቀዘቅዝም በግምት ይህንኑ መንገድ ነው የሚከተለው። ግማሽ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ ታውን በ0.693 ማባዛት ይበቃል።

በሁለት ታው 86.5፣ በሦስት 95፣ በአራት 98.2፣ በአምስት 99.3 በመቶ ይሞላል። በአምስት ታው ሞላ የሚባለው ግን፣ ከ63 በተለየ፣ የሰው ስምምነት ነው፤ በሒሳቡ መሠረት ካፓሲተር ጨርሶ የሚሞላበት ቀን የለም። በነገራችን ላይ፣ 90 ማይክሮኩሎምብ ወደ 560 ትሪሊዮን ኤሌክትሮኖች ስለሆነ፣ ከ34 ታው በኋላ፣ ማለትም በእርስዎ ዑደት ከ340 ሰከንድ በኋላ፣ ጉድለቱ ከአንድ ኤሌክትሮን ያነሰ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሒሳቡ ቢቀጥልም የሚገባ ነገር የለም።

እንግዲህ ወደ 8.2 ቮልት እንመለስ። ደብዳቤው እንደደረሰኝ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለው ቢሯችን ጠረጴዛ ላይ ተመሳሳዩን ዑደት ሠራሁት። ቴስተሩ ከዜሮ ተነሥቶ ሦስት፣ አራት ቮልትን በፍጥነት አለፈ፤ ስድስት ላይ መዝገም ጀመረ፤ ስምንትን ካለፈ በኋላ የመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ አንዴ ስትለወጥ አንዴ ስትቆም ቆይታ 8.2 አጠገብ ቀጥ አለች። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከካፓሲተሩ ላይ አንሥቼ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቄ መልሼ ነካሁት። በነካሁበት ቅጽበት ያነበብኩት ከ9 ቮልት እምብዛም ያልራቀ ቁጥር ነበር፤ ወዲያውም ዓይኔ እያየ ወደ 8.2 መውረድ ጀመረ። እርስዎም ይሞክሩት፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም። ካፓሲተሩ እንዳይሞላ የያዘው ቴስተሩ ራሱ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ የእርስዎው ቁጥር ይናገራል። 8.2 ለ9 ሲካፈል 0.91 ነው፣ ይህም አሥር አሥራ አንደኛ ነው። 9 ቮልት በ1 ሜጋኦምና በሌላ ሬዚስታንስ መካከል ተካፍሎ ሁለተኛው አሥር እጅ ከደረሰው፣ ሁለተኛው ሬዚስታንስ 10 ሜጋኦም ነው ማለት ነው። አብዛኛው ዲጂታል ቴስተር ቮልት በሚለካበት ጊዜ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ሬዚስታንስ ልክ ይህን ያህል ነው። ስለዚህ ቴስተሩን ሲያገናኙ ከሚሞላው ሮቶ ሥር አንድ ቀጭን ቀዳዳ ከፍተውበታል፤ በጎማው የሚገባውና በቀዳዳው የሚወጣው እኩል ሲሆን ከፍታው ይቆማል።

ዋናው ነገር ግን የመቆሚያው ቮልት አይደለም፤ ጊዜውም ተለውጧል። ቻርጁ አሁን ሁለት መንገድ ስላለው፣ ከካፓሲተሩ ጫፎች ላይ ሆነን ስናየው (ባትሪውን በቀጥታ ሽቦ ተክተን ማለት ነው) 1 ሜጋኦሙና 10 ሜጋኦሙ ጎን ለጎን የተገናኙ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድነት 0.909 ሜጋኦም ይሆናሉ። ታውም 10 ሰከንድ መሆኑ ቀርቶ 9.1 ሰከንድ ሆኗል። በዚህ ሒሳብ በ10ኛው ሰከንድ 5.46 ቮልት፣ በ50ኛው 8.15 ይጠበቃል፤ እርስዎ የመዘገቡትም ይኸው ነው። ታው የካፓሲተሩ ንብረት አይደለም፤ የሬዚስተሩም አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ለቻርጁ ክፍት የሆኑት መንገዶች ሁሉ ተደምረው የሚወስኑት የመላው ዑደት ጠባይ ነው። የሚለካበት መሣሪያም ከተገናኘ የዑደቱ አካል ነው። ብዙ ተማሪ በፈተና ላይ የሚወድቀው፣ ሥዕሉ ላይ ካሉት ሬዚስተሮች መካከል ለካፓሲተሩ የቀረበውን መርጦ ስለሚያባዛ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ግን ካፓሲተሩ ከራሱ ጫፎች ሆኖ የሚያየው ሬዚስታንስ ስንት ነው ተብሎ ነው።

ቴስተሩን ከካፓሲተሩ አንሥተው ሬዚስተሩ ላይ ቢያደርጉትስ? ከመሞከርዎ በፊት በወረቀት ይገምቱ። ካፓሲተሩ በዚህ ጊዜ ሙሉውን 9 ቮልት ያገኛል፤ ምክንያቱም ቀዳዳው ከሮቶው ሥር ተነሥቶ ሁለተኛ ጎማ ሆኗል። ታው ግን አሁንም 9.1 ሰከንድ ነው።

የመጽሐፉን 10 ሰከንድ በእርግጥ ማየት ከፈለጉ ሬዚስተሩን ወደ 10 ኪሎኦም ዝቅ፣ ካፓሲተሩን ወደ 1,000 ማይክሮፋራድ ከፍ ያድርጉ፤ ብዜቱ ያው 10 ሰከንድ ነው፣ የቴስተሩ 10 ሜጋኦም ግን ከ10 ኪሎኦም አንጻር የሚያሳድረው ለውጥ ከአንድ ሺህ አንድ ነው። በለውጡ አንድ ነገር ያጣሉ፤ ይህን ያህል ትልቅ ካፓሲተር የሚገኘው በኤሌክትሮላይት ዓይነት ስለሆነ፣ ልኩ ከተጻፈበት እስከ 20 በመቶ ሊዛባ ይችላል፤ ስለዚህ ከ8 እስከ 12 ሰከንድ ያለ ውጤት ቢያገኙ አይደነቁ። የፓምፕ ካፓሲተር ከፕላስቲክ ስስ ሽፋን የሚሠራ ስለሆነ በዚህ በኩል የተሻለ ታማኝ ነው፤ ምርጫዎ በጣም ጥሩ ነበር።

የ18 ቮልቱን ነገር በተመለከተ፣ ታው አይለወጥም። የመነሻው ከረንት እጥፍ ይሆናል፣ የሚሞላው ቻርጅም እጥፍ ይሆናል፣ ሲካፈሉ ያው ናቸው። በእርግጥ 5.7 ቮልት ላይ ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ግን ወደ 18 የሚያደርገው ጉዞ 63 በመቶው ላይ የሚደርሰው በዚያው ሰዓት ነው። ይህንን ባለመረዳት ትልቅ ሀብት የጠፋበት ታሪክ አለ። በ1858 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አየርላንድንና ሰሜን አሜሪካን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ያገናኘው የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ገመድ ሲዘረጋ፣ ማንም ካፓሲተር አልገጠመበትም ነበር፤ ነገር ግን መሐሉ መዳብ፣ ዙሪያው የዛፍ ሙጫ ሽፋን፣ ውጭው ደግሞ ጨዋማ ውሃ የሆነ ገመድ ራሱ ረጅም ካፓሲተር ነው፤ መዳቡም ሬዚስታንስ አለው። ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላከው 98 ቃላት ያሉት መልእክት ተላልፎ እስኪያልቅ 16 ሰዓት ፈጀ። የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት፣ የገመዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ሬዚስታንሱም ካፓሲታንሱም እጥፍ ስለሚሆኑ መዘግየቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን አስቀድመው አስልተው ነበር፤ መፍትሔው ወፍራም መዳብ፣ ወፍራም ሽፋንና ደካማ ምልክት የሚያነብ መሣሪያ ነው አሉ። የገመዱ ኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበሩት ዋይልድማን ኋይትሃውስ ግን ወደ 2,000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ለቀቁበት። ምልክቱ አልፈጠነም፤ አስቀድሞም ጉዳት የነበረበት ሽፋን የባሰ ተበላሸና ገመዱ ከተዘረጋ አንድ ወር ገደማ ሳይሞላው ድምፁ ጠፋ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ቴሌቪዥንና የድምፅ ማጉያ እጠግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ፓወር ሰፕላዩ የተቃጠለ ቴሌቪዥን መጣልኝ። ከሶኬት ነቅዬ ከግማሽ ሰዓት በላይ ካቆየሁት በኋላ ከፍቼ ስሠራ ትልቁ ካፓሲተር ክፉኛ መታኝ። ካፓሲተር በአምስት ታው ባዶ ይሆናል ተብሎ ነው የተማርነው። ግማሽ ሰዓት እንዴት አይበቃም?

መልስ፦ እንኳን ተረፉ። ትምህርቱ ልክ ነው፤ የጎደለው፣ የየትኛው ሬዚስታንስ ታው እንደሆነ አለመጠየቁ ነው።

የከተማችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነና ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች ካፓሲተሩን እስከ ሞገዱ ጫፍ ስለሚሞሉት፣ በዚያ ካፓሲተር ላይ የሚጠራቀመው 311 ቮልት ያህል ነው። ካፓሲተሩ 100 ማይክሮፋራድ ነው ብንል የያዘው ኃይል ወደ 5 ጁል ይጠጋል፤ ይህ ሰውን ለመጉዳት የሚበቃ ነው። ጤነኛ ቴሌቪዥን ሲነቀል ፓወር ሰፕላዩ ለጥቂት ጊዜ መሥራቱን ስለሚቀጥል አብዛኛውን ቻርጅ ራሱ ይበላዋል። አንዳንድ ጊዜ አስማሚ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ትንሿ መብራት ቀስ ብላ ስትጠፋ የምናየው ይህንኑ ነው። የተቃጠለው ግን አይሠራም። የሚበላው የለም፤ ከካፓሲተሩ ጋር ጎን ለጎን የሚገጠመው ማፍሰሻ ሬዚስተርም ከሌለ ወይም ከተበጠሰ፣ ለቻርጁ የቀረው ብቸኛ መንገድ በካፓሲተሩ ሽፋን በራሱ በኩል የሚደረገው ስርቆሽ ነው። ያ ስርቆሽ 20 ሜጋኦም ያህል ነው ብለን ብናስብ ታው 2,000 ሰከንድ፣ ማለትም 33 ደቂቃ ይሆናል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 311 ቮልቱ ወርዶ ወርዶ 126 ቮልት ላይ ነው። አምስት ታው ደግሞ ከሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ በላይ ነው። ስለዚህ የማይሠራ ዕቃ ከሚሠራው የበለጠ ያስፈራል፤ እባክዎ ይህችን ነገር አብረዋችሁ ለሚሠሩት ልጆችም ይንገሯቸው።

እኔም በተማሪነቴ አንድ ጥገና ቤት ውስጥ ስለማመድ፣ እዚያ እንደሚደረገው የካፓሲተሩን ሁለት ጫፍ በካቻቢቴ ብረት አገናኝቼ ነበር። ድምፁ እንደ ርችት ነበር፤ የካቻቢቴው ጫፍ ተጎርዶ፣ የቦርዱ መዳብ ተላጠ፣ ትኩስ ፍንጣሪ ቅንድቤ ላይ አረፈ። ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቢሆን ዓይኔ ነበር። ሬዚስታንሱ ዜሮ ሊባል የቀረበ ሲሆን ታውም ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ አምስቱ ጁል በሙሉ በቅጽበት በአንድ ነጥብ ላይ ይወጣል። የእርስዎ ሥራ ታውን ማሳጠር ነው፤ ግን በልክ።

በ2.2 ኪሎኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር፣ እጀታው በደንብ በተሸፈነ ሽቦ፣ ካፓሲተሩን ቢያፈስሱት ታው 0.22 ሰከንድ ነው፤ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ አምስት ታው ያልፋል፣ ፍንጣሪም የለም። ብዙ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ባለ 60 ዋት የድሮው አምፖልም መልካም ነው፤ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ደግሞ በዓይን ይታያል። ካፈሰሱ በኋላ በቴስተር ዲሲ ላይ አድርገው ይለኩ፤ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይለኩ፤ ምክንያቱም ኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ባዶ ከተደረገ በኋላ በሽፋኑ ውስጥ የተደበቀ ቻርጅ መልሶ ጥቂት ቮልት ሊያወጣ ይችላል። ራስዎ ማፍሰሻ መግጠም ከፈለጉ 220 ኪሎኦም ተስማሚ ነው፤ ታው 22 ሰከንድ ይሆናል፣ ከ311 ቮልት ወደ 30 ለመውረድ 51 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ዕቃው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ወደ ግማሽ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ስለሚያወጣ ባለ ሩብ ዋቱን እንዳያደርጉት፤ ቢያንስ ባለ 1 ዋት፣ ይህንን ቮልትም የሚችል ይሁን።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ በሙያና ቴክኒክ ማሠልጠኛ እማራለሁ። በካፓሲተር ላይ ሬዚስታንስ ሲጨምር ጊዜው ይረዝማል፤ በጥቅል ሽቦ ላይ ግን ሬዚስታንስ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል። መምህራችን ቀመሩ እንዲህ ስለሆነ ነው አሉን። ምክንያቱ ምንድን ነው? ደግሞ ሪሌይ (በጥቅል ሽቦ ማግኔትነት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ላይ ዳዮድ ስንገጥም ሪሌዩ ዘግይቶ የሚለቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ ታው ማለት መድረሻው ለመነሻው ፍጥነት ሲካፈል ነው ብያለሁ፤ ይህንኑ በጥቅል ሽቦው ላይ ብናደርገው መልሱ በራሱ ይወጣል።

በካፓሲተር ላይ መድረሻው ቻርጅ ነው፤ ያ ቻርጅ በባትሪውና በካፓሲተሩ ስለሚወሰን ሬዚስተሩ አይነካውም፤ ሬዚስተሩ የሚነካው የመነሻውን ፍጥነት ነው። መንገዱ በጠበበ ቁጥር ጉዞው ይረዝማል። በጥቅል ሽቦ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በመነሻው ቅጽበት ከረንት ስለሌለ ሬዚስታንሱ ምንም ቮልት አይወስድም፤ ከረንቱ የሚያድግበትን ፍጥነት የሚወስነው ቮልቱ ለኢንዳክታንሱ (ጥቅል ሽቦው የከረንትን ለውጥ ለሚቃወምበት መጠን) ሲካፈል የሚገኘው ብቻ ነው። ሬዚስታንሱ የሚወስነው መድረሻውን ነው፤ የመጨረሻው ከረንት ቮልቱ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ነው። ሬዚስታንሱ ሲጨምር ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ መወጣጫው ግን ያው ነው፤ ዝቅ ያለ ጣሪያ ላይ ደግሞ ቶሎ ይደረሳል። መድረሻውን ለመነሻው ስናካፍል ቮልቱ ተጣፍቶ ኢንዳክታንስ ለሬዚስታንስ ይቀራል፤ ሄንሪ ለኦም ሲካፈልም ሰከንድ ነው።

ሪሌይዎ ለምሳሌ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ሽቦው 400 ኦም፣ ኢንዳክታንሱ 0.4 ሄንሪ ቢሆን፣ ታው 1 ሚሊሰከንድ፣ የመጨረሻው ከረንት 30 ሚሊአምፔር ነው። ሪሌዩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትራንዚስተር መንገዱን ሲዘጋ ይህ 30 ሚሊአምፔር በአንድ ጊዜ ሊቆም አይችልም፤ ያገኘው ብቸኛ መንገድ የተዘጋው ትራንዚስተር ከሆነ፣ ሬዚስታንሱ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ታው እጅግ አጭር ይሆናል፣ ከረንቱን እንዲህ በፍጥነት ለማቆምም ጥቅል ሽቦው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያመነጫል፣ ትራንዚስተሩንም ይበሳዋል። ዳዮዱን በግልባጩ፣ መስመር ያለበት ጫፉን ወደ ፖዘቲቩ አድርገው ሲገጥሙት፣ ከረንቱ በጥቅል ሽቦውና በዳዮዱ ውስጥ እየዞረ የሚሞትበት ዝግ መንገድ ያገኛል። በዚያ መንገድ ላይ ያለው ሬዚስታንስ የሽቦው 400 ኦም ብቻ ስለሆነ ታው ተመልሶ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሄዳል፤ ከረንቱ ከመልቀቂያው መጠን በታች እስኪወርድ ድረስ ሪሌዩ አይለቅም። መዘግየቱ ይህ ነው።

መዘግየቱ ሥራዎን የሚያበላሽ ከሆነ ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ ሌላ 400 ኦም ሬዚስተር ይጨምሩ፤ ሬዚስታንሱ 800 ኦም ሲሆን ታው ግማሽ ሚሊሰከንድ ይሆናል። ዋጋው ግን ትራንዚስተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልት ነው፦ በተዘጋበት ቅጽበት 30 ሚሊአምፔሩ በአዲሱ ሬዚስተር ውስጥ ሲያልፍ 12 ቮልት ይፈጥራል፣ ዳዮዱ 0.7 ይጨምራል፣ ከምንጩ 12 ቮልት ጋር ሲደመር ወደ 25 ቮልት ይጠጋል። ስለዚህ ቢያንስ 40 ቮልት የሚችል ትራንዚስተር ይምረጡ፤ ሬዚስተሩን ከ400 በላይ ማሳደግ ሲፈልጉም ይህንኑ ድምር እንደገና ይሥሩት።